ወሰን በአንድ ንባብ አይወሰንም

በከሚሴ ዙሪያ በቦርከና ዳር ለሚያርስ ገበሬ የአንድ ፈር መሬት ቀላል ነገር አይደለም። ስለሆነም ወሰን በኮምፓስ የሚለካ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአንድ ንባብ መቁረጥ የለበትም እንላለን። የ1 ዲግሪ ስህተት በ100 ሜትር ላይ ወሰኑን 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዛንፋል። መርፌውን ማረሻ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ሞባይል ስልክ፣ አንዳንድ ጊዜም ጥቁር ድንጋይ ይስበዋል። በወሰኑ ሁለት ጫፎች ቆሞ ማንበብ ግድ ነው፤ የንባቦቹ ልዩነት 180 ዲግሪ ካልሆነ ብረቱን አርቆ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ፤ ጎረቤታሞች ፍርድ ቤት ከሚመላለሱበት ጊዜ ግን ያንሳል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ልኬቱ አዋሳኞች ባሉበት መካሄዱንና ንባቡ ከነቀኑ መመዝገቡን ይከታተሉ፤ መርፌው የሚያሳየው ሰሜን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ቀን የሌለው ንባብ ለነገ ማስረጃ አይሆንም።