የሠራተኛው ክንድ ለባሕሩም ጋሻ ነው

ሰፊው ሕዝብ በተፈጥሮ ሀብቱ ላይ ስላለው መብት በተነሣ ቁጥር፣ ትርፍ አጋባሾች ዘወትር የሚያቀርቡት አንድ የተለመደ መከራከሪያ አለ። ይኸውም «ወይ እንጀራ፣ ወይ ዓሣ» የሚለው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህን አባባል ትክክለኛ ምንነት ለመረዳት በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ የተካሄደውን ትግል መመርመር እጅግ ጠቃሚ ሆኖ እናገኘዋለን።

ግሬት ባሪየር ሪፍ በመባል የሚታወቀው የኮራል ቋጥኝ ሰንሰለት 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ኮራል ለዓይን ድንጋይ ይምሰል እንጂ፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት በኅብረት እየኖሩና ትውልድ ትውልድን እየተካ ከኖራ ያነጹት ሕንጻ ነው። እነዚህ እንስሳት አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያገኙት በአካላቸው ውስጥ ከሚኖሩና በፀሐይ ብርሃን ኃይል ምግብ ከሚያዘጋጁ አልጌዎች ነው። ስለሆነም ለወደብ ግንባታ የባሕሩ ወለል ሲቆፈር፣ ወይም ደን ተመንጥሮ አፈሩ በወንዝ ሲታጠብ ውኃው ይደፈርሳል፤ ብርሃኑ ይጋረዳል፤ ደለሉም ኮራሉን አፍኖ ይገድለዋል። ኮራሉ ሲሞት ዓሣው መጠለያ ያጣል፤ የማዕበሉን ኃይል የሚሰብረው አጥርም ይፈርሳል። የዚህ ሁሉ ዕዳ በመጨረሻ የሚወድቀው ትርፉን ይዞ በሚሄደው ባለካፒታል ላይ ሳይሆን በጠረፉ ነዋሪና በዓሣ አጥማጁ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የዚሁ ሰንሰለት አካል ከሆነው ኤሊሰን ሪፍ ለማዳበሪያ የሚሆን ኖራ ለማውጣት ፈቃድ በተጠየቀ ጊዜ፣ «ቋጥኙ የሞተ ነው» የሚል ምክንያት ቀርቦ ነበር። ባለቅኔዋ ጁዲት ራይት፣ ሠዓሊው ጆን ቡስትና የደን ሳይንቲስቱ ሌን ዌብ ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረቡ። ጠላቂዎችም ወደ ሥፍራው ወርደው ቋጥኙ ሕይወት የሞላበት መሆኑን በማስረጃ አረጋገጡ፤ ጥያቄውም ውድቅ ሆነ።

ይሁን እንጂ ከዚህ የባሰ አደጋ ከፊት ይጠብቅ ነበር። የኩዊንስላንድ መንግሥት ከሪፉ ክልል አብዛኛውን ለነዳጅ ፍለጋ ሰጥቶ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1970 መጀመሪያ አምፖልና ጃፔክስ የተባሉት ኩባንያዎች በሪፐልስ ቤይ ለመቆፈር ተዘጋጁ። በዚህን ጊዜ የኩዊንስላንድ የሠራተኛ ማኅበራት ለቁፋሮው ሥራ አንዳችም አገልግሎት እንደማይሰጡ በአንድ ድምፅ አስታወቁ። ኩባንያውም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ኦሺያኒክ ግራንደር የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በቶረስ የባሕር ወሽመጥ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ነዳጅ ስታፈስ የሠራተኛው ሥጋት ከንቱ እንዳልነበረ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1975 የሪፉ የባሕር ፓርክ ሕግ ታወጀ፤ በ1981ም ሥፍራው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ እነዚያ ሠራተኞች እንቢ ያሉት ለእነርሱም ደመወዝ ሊያስገኝ ይችል የነበረን ሥራ መሆኑ ነው። የዕለት ጥቅማቸውን ከዘለቄታው የሕዝብ ጥቅም ጋር አመዛዝነው ወሰኑ። ውሳኔያቸውም ትክክለኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ሪፉ 64,000 ያህል ሥራዎችን እንደሚደግፍ አሳይቷል። «ወይ እንጀራ፣ ወይ ዓሣ» የሚለው ቅስቀሳ ሐሰት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም። እኛ ልማትን አንቃወምም። ጥያቄያችን ልማቱ ለማን ጥቅም፣ በማን ውሳኔና በማን ኪሣራ ይካሄዳል የሚለው ነው።

ሆኖም ሕግ ብቻውን ዘብ አይቆምም። ሪፉን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ባለሥልጣን ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአቦት ፖይንት የድንጋይ ከሰል ወደብ የሚቆፈር 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጭቃ በፓርኩ ክልል እንዲደፋ ፈቅዶ ነበር። ይህንን ያስቀረው የሕዝብ ተቃውሞ ነው፤ በ2015 ይህን የመሰለ ድርጊት በፓርኩ ውስጥ በሕግ ተከለከለ።

ዛሬ የባሕሩ ሙቀት መጨመር በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022ና በ2024 ኮራሉን በሰፊው አንጥቶታል። ከዚህ በመነሣት «ሙቀቱ የሚገድለውን ከጭቃ መጠበቅ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። ይህ የተስፋ ቆራጮች አመለካከት ነው። በሙቀት የተጎዳ ኮራል የማገገም ዕድል የሚኖረው ውኃው ንጹሕ ሆኖ ሲቆይ ነውና፣ አንዱ አደጋ ሌላውን ለመፍቀድ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ ከተራቆተ ተራራ የሚታጠበው አፈር ጣናን ይደፍናል፤ በሐይቁ ዳርቻ የነበረውም ደንገል እየተመነጠረ ነው። በመሆኑም የነዋሪዎች ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በየአካባቢያቸው የሐይቅና የወንዝ ዳርቻ ለግንባታ ከመሰጠቱ በፊት ዕቅዱን ሊጠይቁ፣ ማስረጃውን ራሳቸው ሊመረምሩና በጋራ ሊወስኑ ይገባል። ሕዝብ ተደራጅቶ ያልጠበቀውን ሀብት፣ ሌላው ተደራጅቶ ይወስደዋልና።