አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከቆቦ መጥቶ እኔ ዘንድ ከርሟል። ሌላ ጊዜ ሲመጣ እናቱ የላከችልኝን የማሽላ ዱቄት ተሸክሞ ነበር። ዘንድሮ ግን በፕላስቲክ ክላሰር የታቀፈ ወረቀት ይዞ ገባ። «ጋሼ፣ የንግድ ዕቅድ ነው፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ የተማሪ ድርሰት ያረምኩበትን ልማድ መቼም አልተውኩምና ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ቁጭ አልኩ።

ዕቅዱ «የንዴት ክፍል» ለመክፈት ነው። ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቀውም ነበር። ሰውዬው ይናደዳል። አለቃው ያናድደዋል፣ ሚስቱ ታናድደዋለች፣ ኔትወርኩ ያናድደዋል። ከዚያ ገንዘብ ከፍሎ አንድ ክፍል ይገባል። ቱታ ያለብሱታል፣ የራስ ቁር ያደርጉለታል፣ መዶሻ ይሰጡታል። የተደረደረለትን ሰሃን፣ ጠርሙስና አሮጌ ኮምፒውተር ደቂቃው እስኪያልቅ እንክትክቱን አውጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2008 ቶኪዮ ውስጥ ሰሃን ከግድግዳ ጋር የሚያላትሙበት ቦታ ነበራቸው። አሜሪካ ደግሞ ዳላስ ላይ አንዲት ሴት በ2011 ለሕዝብ ከፈተችው። ዛሬ በየአገሩ አለ፤ ስሙንና አሠራሩን በፍራንቻይዝ የሚሸጡም አሉ። የእኛው ጎረምሳ ያሰበው ይህንን ስም ገዝቶ፣ ወንድሙ ከጅዳ በላከለት ገንዘብ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቆቦ ላይ ሊከፍት ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሒሳቡን አብረን ሠራን። ንዴት ለካ ርካሽ አይደለም! ለስሙ የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ያውም በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄዷል። ከዚያ በየጊዜው ለስሙ ባለቤት የሚላክ ድርሻ አለ። ይህ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው። አንተ ብትከስርም እሱ ይከፈለዋል ማለት ነው። የቱታው፣ የመነጽሩ፣ የጓንቱ፣ የግድግዳው ልባስ ወጪ አለ። የመድን አለ፤ ስባሪ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ደንበኛ ወልድያ ሆስፒታል ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። ስባሪው የሚጣልበትም ቦታ ያስፈልጋል፤ ሆርማት ወንዝ ዳር ከተደፋ ዋጋውን የሚከፍሉት የገበሬው ባዶ እግርና የከብቱ ኮቴ ናቸው።

ትልቁ ጥያቄ ግን «ምን ይሰበራል?» የሚለው ነው። ዳላስ ውስጥ የሚጣል ዕቃ ሞልቷል፤ ንግዱም የቆመው በዚሁ ትርፍራፊ ላይ ነው። ቆቦስ? የተሰነጠቀ ጄሪካን በጋለ ብረት ተለብልቦ ይደፈናል። የተሰበረ በርጩማ እግር ይቀጠልለታል። እንስራ ተሰብሮ እንኳ ገሉ አይጣልም፤ ፍም ይታፈስበታል፣ ዕጣን ይጨስበታል። ስባሪ እንኳ ሥራ ባለው አገር ለመስበር የሚሆን ዕቃ ከተፈለገ አዲሱን ገዝቶ ማምጣት ነው። የጅዳው ልጅ በላቡ ያጠራቀመው ገንዘብ ሰሃን ይሆናል፣ ሰሃኑ ስባሪ ይሆናል፣ ከገቢው ድርሻው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ይኼ ንግድ ነው ወይስ ስለት?

«ጋሼ፣ እርስዎ ገንዘቡን ብቻ ነው የሚያዩት» አለኝ። «ሰዉ እኮ የታመቀ ስሜት አለበት። ይወጣለታል።»

እዚህ ላይ የሙያዬን ቁስል ነካው። «ይወጣለታል» የምትለዋን ሐሳብ ስንት ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቼ ጋር ተሟግቼባታለሁ። ስለ ካታርሲስ ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንዱ ይነሳና «አሪስቶትል ስሜትን ማፍረጥ ጥሩ ነው ብሏል ማለት ነው?» ይለኛል። አላለም! ሊቁ የተናገረው የትራጄዲ ተመልካች ስለሚያድርበት ርኅራኄና ፍርሃት ነው። ተመልካቹ ዱላ አይሰጠውም፤ ታሪክ ነው የሚቀርብለት። ማን ምን እንደበደለ፣ ለምን እንደበደለ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያያል። በንዴት ክፍል ውስጥ ግን ታሪክ የለም፤ በዳይም የለም፤ ሰሃን ብቻ ነው ያለው።

የሥነ ልቡና ሰዎችም ነገሩን መርምረውታል። ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ሆን ብሎ አናደዳቸው። ከፊሎቹ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ ከረጢት እንዲደበድቡ አደረገ፤ ከፊሎቹን ደግሞ ምንም ሳያደርጉ አስቀመጣቸው። ደብዳቢዎቹ ይበልጥ ተናደው፣ ይበልጥ ለጥቃት ተነሣስተው ተገኙ። ምንም ሳያደርጉ የተቀመጡት ይሻሉ ነበር። ይኸው ሰው ከአንዲት ባልደረባው ጋር 154 ጥናቶችን አሰባስቦ በ2024 ባወጣው ሥራም ንዴትን የሚቀንሰው ሰውነትን የሚያረጋጋ ነገር እንጂ ማፍረጥ አለመሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ደንበኛው የሚገዛው መድኃኒት ሳይሆን ልምምድ ነው።

እስካሁን ያልኩት ለቶኪዮም ለዳላስም ይሠራል። ቆቦ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቆቦ ሰው ንዴት የቢሮ ማተሚያ ወረቀት ስለነከሰበት የመጣ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ጳጉሜን 4 ቀን ብቻ በትግራይ ኃይሎች 23 ሰዎች መገደላቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች ምስክሮችን ጠይቆ አሳውቋል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ ያገረሸው በዚያው አካባቢ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ክረምት፣ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ መካከል ውጊያ ሲነሳ ቆቦ እንደገና ከቀዳሚዎቹ መካከል ሆነች። እንግዲህ በዚህች ከተማ ሰባራ ዕቃ ለማየት ትኬት ያስፈልጋል?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገራችን ሰው። የንዴት ክፍል ማለት ዳውላ የሚደበደብበት ቤት ነው። አህያው ውጭ ቆሞ ሣሩን ይግጣል። እኔን የሚያስቆጣኝ ብክነቱ ብቻ አይደለም። ቁጣ ክስ ነው፤ ከሳሽ አለው፣ ተከሳሽ አለው፣ ሰሚ ይፈልጋል። ክሱን ከባለቤቱ ወስደህ ድምፅ በማያስወጣ ክፍል ውስጥ በደቂቃ ስትቸበችበው ደስ የሚለው ማን ይመስልሃል? የበደለው ነዋ! ተበዳዩ ላቡን ጠርጎ ወደ ቤቱ ሲገባ በዳዩ ተገላገለ። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ነገ ደግሞ ሌላ ትኬት ነው።

ራያዎች ይህን ያውቁታል። ቆቦ ላይ ዘወልድ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገን መካከል ይመላለሳሉ፤ ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ ደም ይደርቃል። እዚያ ንዴት አይፈርጥም፤ ይደመጣል። ልብ በሉ፣ ሥርዓቱን ላቆነጃጀው አልፈልግም። ሴቶች ብዙ ጊዜ ከዳር ናቸው፤ ባለጉልበት ሲመጣ የሚያጎነብስ ሽማግሌም አይጠፋም። መድፍና ታንክ ይዞ የመጣን በዳይ ደግሞ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ «አጥፍተሃል» ማለት አይችልም። እሱ የመንግሥት ሥራ ነው። መንግሥትም የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ብሎ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት አጽድቋል። ወረቀቱ ጸደቀ፤ የቆቦ እናት ቃሏን የምትሰጥበት ወንበርስ የት ነው?

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ጋሼ፣ ንዴቴን የት ልውሰደው?» አለኝ። «ዘወልድ ነፍስ ለጠፋበት ነው። ለእኔ ቢጤ ተመርቆ ለተቀመጠው ጫት ቤት ብቻ ነው ያለው። ክፍሉ ከጫት ቤት አይሻልም?» እውነቱን ልናገር፤ መልስ አጣሁ። እኛ የእሱ አባቶች ይህን ትውልድ ሰሚ አሳጥተን አሳድገን፣ ሰሚ ሲያጣ መዶሻ ቢያምረው ልንስቅበት መብት የለንም። የምነቅፈው ልጁን ሳይሆን መዶሻውን የሚሸጥለትን፣ ከዚያም በላይ ጆሮውን የነፈገውን ነው።

ማታ እህቴን ደወልኩላት። የልጇን ዕቅድ ሰምታለች። «እኔ ቤት እኮ ሰባሪ መጥቶ ነበር፣ ያውም በነፃ» አለችኝ። በጦርነቱ ጊዜ ቤቷ ሲበረበር ከእናታችን የወረሰችው ጀበና ሳይቀር ተከስክሶ ነበር። አንዷን ገል ዛሬም ዕጣን ታጨስባታለች። «አልናደድሽም?» አልኳት። «አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም» አለች።

የቆቦ ሰው የሚያስፈልገው ይኼ ነው፤ መጥቶ የሚጠይቅ፣ ሰምቶም የሚጽፍ፣ ጽፎም የሚፈርድ። ይህ ደግሞ በፍራንቻይዝ አይሸጥም።

ልጁ ሲሄድ ዕቅዱን መለስኩለት። ሒሳቡን በቀይ አርሜለታለሁ። ከግርጌው ደግሞ እንደ ድሮዬ አንድ ጥያቄ ጽፌበታለሁ፦ «የሰበረው ማን ነው?» እስካሁን አልመለሰልኝም። መመለስ ያለበትም እሱ አይደለም።