የዋልያው ዕዳ የማን ነው?

በኳስ ሜዳ «ዋልያ! ዋልያ!» እያልን ስንጮህ፣ ከመካከላችን እንስሳውን በዓይኑ ያየው ስንቱ ነው? ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኝ ፍጥረት ሲሆን፣ ዛሬ የቀረው በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው።

ነገሩ የስሜን ብቻ አይደለም። ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በ2024 እንደ ገለጸው፣ በጥናት የተያዙት የዱር እንስሳት መንጋዎች ከ1970 እስከ 2020 ድረስ በአማካይ በ73 በመቶ ቀንሰዋል። ዋናው ምክንያትም መኖሪያቸው ለምግባችን ሲባል መታረሱና መጋጡ ነው። አዳኝ ሲተኩስ ሁላችንም እንቆጣለን፤ ማረሻችንና ምጣዳችን የሚያደርሱትን ጥፋት ግን አናየውም።

የስሜን ፓርክ በ1969 በሕግ ሲቋቋም ገበሬው ቀድሞ እዚያው ነበር፤ ገብሱን እስከ ገደሉ አፋፍ ይዘራል፣ ከብቱንም ያሰማራል። ፓርኩ በ1978 የዓለም ቅርስ ተባለ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ። በ2016 ከ400 በላይ የግጭ ቤተ ሰቦች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ሄዱ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋልያው ግን ከዚያ ወዲህም አልበዛም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ገበሬው ይነሣ፣ አውሬው ይድናል» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የግጭ ገበሬ ቁልቁለቱን ያረሰው ሌላ መሬት ስላጣ ነው እንጂ ከእኛ አብልጦ ስለ በላ አይደለም። ሥጋውን የምንመርጥ፣ ከሰሉን በጆንያ የምንገዛ እኛ ከተሜዎች ስንሆን፣ ከቤታችሁ ውጡ ያለን የለም። እንዲሁም «ገበሬው እንደ ልቡ ይረስ» አንልም፤ ዘሩ የጠፋ እንስሳ አይመለስምና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ዋልያው የሁላችን ጌጥ ከሆነ ሸክሙም የሁላችን ይሁን። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ አስቀድሞ ለተራራው ሰው ይድረስ። የእርሻ ተማሪዎች የከብት መኖን፣ የምሕንድስና ተማሪዎች እንጨት ቆጣቢ ምድጃን ጥናታቸው ያድርጉ፤ መምህራኖቻችንም ይምሩን። ማኅበራችንም አንድ የክርክር ምሽት ለዚሁ ጉዳይ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። አለዚያ ዋልያ የምንለው የማልያ ሥዕሉን ብቻ ይሆናል።