የአባት ቤት ይሸጣል

«የአባት ቤት አይሸጥም» ከሚሉኝ ወንድሞቼ አንዳቸውም ፀዳ አይኖሩም። አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ዋሽንግተን ነው። እኔም ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ጉልበቷን እያመማት፣ በጭለማ ጓሮ ድረስ ሽንት ቤት የምትወጣው እማዬ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ «ሽጡትና ጎንደር፣ ከልጄ አጠገብ ትንሽ ቤት ግዙልኝ» ካለች ዓመት አለፋት።

ቅርስ ነው ይሉኛል። ቅርስማ ፋሲል ግቢ ነው! በድንጋይና በኖራ ስለተሠራ ነገሥታቱ ካለፉም በኋላ ቆሟል። የኛ ቤት ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው። ጭቃ ቤት ሰው ይፈልጋል፤ በጊዜው ካልተመረገ ክረምት ይበላዋል። ለምርጊት ግን ብር የላከ የለም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ1967 አዋጅ «ትርፍ» የተባለ ቤት ሲወረስ ያዩ ወላጆች ናቸው ያሳደጉን። ለነሱ ቤትን አለመልቀቅ ብልህነት ነበር።

«መሬት አይሸጥም» የሚለኝም አለ። ልክ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ያው አንቀጽ ግን በላዩ ላይ በገነባነው ላይ ሙሉ መብት ይሰጠናል፤ መሸጥም ማውረስም እንችላለን።

አባዬ ያንን ቤት የሠራው እንድንኖርበት እንጂ እናታችንን ዘበኛ እንድናደርግበት አይደለም። ትዝታው ካሳሳችሁ ፎቶ አንሱት።

አይሸጥም የምትሉ ወንድሞቼ፣ ምርጫው ቀላል ነው፦ ወይ መጥታችሁ ክረምቱን ከእማዬ ጋር ክረሙ፣ ወይ ፈርሙ።