ስለ ትናንሽ ወፎች መመሳሰል

ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወላጆች ክብር በሚጻፍበት መጽሔት ውስጥ ስለ ወፍ የሚጽፍ ልጅ ምን ነካው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን የምጽፈው ስለ ራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፥ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የአጎቴን ሩዝ ከወፍ ለመጠበቅ ከአንበሳሜ ወደ ፎገራ ሜዳ ወርጄ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በማሳው ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ ስትዘል አይቼ፥ በወንጭፍ ወርውሬ መታኋት። እጅግ ደስ አለኝ። አንሥቼ ባያት ግን መንቁሯ እንደ መርፌ የቀጠነ ነበረ፤ እግሯም ጥቁር ነበረ። እህል የሚበላ ወፍ መንቁሩ አጭርና ወፍራም ነው፤ እንዲህ ያለው ቀጭን መንቁር ትልና ትንኝ ለመልቀም እንጂ ሩዝ ለመፈልፈል አይሆንም። አጎቴም አይተው «ይችማ ተባይ የምትለቅምልን ናት፤ ምን አድርጋህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ስሟን ለማወቅ ተነሣሁ፤ መከራዬም ከዚህ ይጀምራል። የአውሮፓ ሊቃውንት ዋርብለር ከሚሏቸው ወገን መሆኗን ከመጽሐፍ አገኘሁ። ዳሩ ግን ከነዚህ መካከል ቺፍቻፍና ዊሎው ዋርብለር የሚባሉት ሁለቱ እንደ መንታ ናቸው። የሁለቱም ጀርባ አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ፥ ሆዳቸው ነጣ ያለ፥ ከዓይናቸው በላይ ያለው መሥመር ፈዛዛ ነው፤ ሁለቱም አውሮፓ ሲበርድ ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። ቺፍቻፍ እግሩ ጠቆር፥ ክንፉ አጠር ይላል፤ ሲመገብም ጅራቱን ወደ ታች ደጋግሞ ይነቀንቃል። ዊሎው ዋርብለር ግን የሩቅ አገር ተጓዥ ስለ ሆነ ክንፉ ረዘም ይላል፤ እግሩም አብዛኛውን ጊዜ ፈካ ያለ ነው። ይኸ ሁሉ በመጽሐፍ ሲነበብ ቀላል ነው፤ በቅጠል መካከል የምትዘል ወፍ ግን እግሯን አቁማ አታሳይም።

በእንግሊዝ አገር ጊልበርት ኋይት የተባለ ቄስ፥ ሰው አንድ ወፍ ነው ይለው የነበረውን በዜማው ለይቶ ሦስት ወገን መሆኑን በ1768 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ለእርሱ ተመቸው፤ ወፎቹ በእርሱ አገር ጎጆ ሠርተው ይዘምራሉና። እኛ ዘንድ ሲመጡ ግን ዜማውን አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል፤ የሁለቱም አጭር ጥሪ «ሁይት» እንደ ማለት ያለ ነው። ለለመደ ጆሮ ልዩነት አለው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን ገና አልለመደም።

አሁን ስሕተቴን ልናገር። በትምህርት ቤት የወፍ ዝርዝር ስናዘጋጅ «ሰባት ዊሎው ዋርብለር» ብዬ ጻፍሁ። ስሙ አማረኝ፤ ባዶ ቦታ መተውም አሳፈረኝ። መምህራችን አመሰገኑኝ፤ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሰባቱ የአንዱን እግር እንኳ አላየሁም ነበር። በእጄ የያዝኋት አንዲቱ ደግሞ፥ እግሯ ጥቁር ስለ ነበረ፥ ቺፍቻፍ ሳትሆን አትቀርም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፤ በዝርዝራችን ላይ «ከሁለቱ አንዱ» የሚል ዐምድ ይጨመር፤ እርሱን የሞላ ተማሪም ማርክ አይቀነስበት። አንዳንድ ጓደኞቼ ይኸ ስንፍናን ያበረታታል ይላሉ። እኔ ግን ሰነፉ ሳያይ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ ባይ ነኝ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የእኛን ዝርዝር ነገ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። የሚመጣው ዓመት ተማሪ የእኔን ሰባት ወፎች ከራሱ ቍጥር ጋር ቢያስተያይ፥ ዊሎው ዋርብለር ጠፋ ብሎ ይጽፍ ይሆናል።

ለማማ ጠባቂ ግን ይኸ ሁሉ ስም አያስፈልገውም፤ መንቁሩን አይቶ ቀጭኑን ከወፍራሙ ቢለይ ይበቃዋል። ወላጆቻችን ልጆቻቸውን ወደ ማሳ ሲልኩ ይህችን አንዲት ነገር ቢነግሩልን ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ ወንጭፌን ትቼ ጅራፍ ይዤ ወረድሁ። ሳጮኸው እህል በሊታዎቹ በመንጋ ተነሥተው ሄዱ፤ ከቁጥቋጦው ውስጥ ግን አንዲት ቀጭን መንቁር ያላት ቀረች። ብዙ ጠበቅኋት፤ እግሯን አላሳየችኝም። ደብተሬን አውጥቼ «ከሁለቱ አንዷ» ብዬ ጻፍሁ።