ስለ ትንሹ ጃንጥላ

ከከሚሴ ወጥተን በቦርከና ወንዝ አጠገብ የጨፋን ሜዳ ስናቋርጥ፥ በባዕድ አገር ከአውሮፕላን እየዘለለ በጃንጥላ መውረድን የተማረ አንድ የዘመዳችን ልጅ አብሮን ነበረ። የሚያንዣብበውን ጥንብ አንሣ እያሳየን፥ «ጋሼ፥ የፊተኛው ጃንጥላዬ እንደዚህ ነበረ፤ አዲሱ ትንሹ ግን ጭልፊት ነው» አለን።

በ1922 ዓ.ም. ትውልዱ ትሪኒዳድ የሆነው ሁበርት ጁልያን አዲስ አበባ ላይ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ሲወርድ፥ የዚያ ዘመን ጃንጥላ ነፋስ ወደ ወሰደው የሚሄድ ነበረ። የዛሬው ግን በድርብ ጨርቅ መካከል አየር የሚሞላው ክንፍ ነው። ክንፉ ሲያንስ ያው የሰውየው ክብደት በጥቂት ጨርቅ ላይ ስለሚያርፍ፥ ወደ ፊትም ወደ ታችም ይፈጥናል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን መሪውን ገመድ በጥቂቱ ሳብ ቢያደርገው፥ አድማሱ ዞረበት፤ ከፍታውም ሳያስበው ጎደለ። ደስታውን ለመንገር ግን ቃል አጣ። እኛም በሰጋር በቅሎ ያደግን ስለ ሆነ የፍጥነትን ደስታ አንነቅፍበትም።

የሚያስፈራን ሌላ ነው። ብዙ ሰው አደጋው ጃንጥላው አልከፈትም ሲል ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በደኅና በተዘረጋ ጃንጥላ መሬት አጠገብ በኃይል ሲዞሩ የሞቱ ብዙዎች ናቸው፤ ጃንጥላው ሲዞር ቁልቁል ይወረወራል፥ ለመቃናትም ከፍታ ይፈልጋልና። ስለዚህ አሠልጣኞች፥ ጃንጥላውን ጥቂት በጥቂት አሳንሱ፤ አዲሱንም አስቀድማችሁ ከፍ ብላችሁ ሳላችሁ ፈትኑት ይላሉ።

ከሚሴ ያለችው እናቱ በስልክ «ተከፈተልህ ወይ?» እያለች ብቻ ትጠይቀው ነበረ። አሁን «ስንት ሜትር ላይ ዞርህ?» እንድትለው አስተማርናት። ልጁ ግን ደስ አላለውም።