ሰነድም ኢንተርቪው ይደረጋል

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በጋዜጠኝነት ትምህርት ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በቃል ባለው ላይ ነው። ሰው እንዴት ኢንተርቪው እንደሚደረግ እንማራለን፤ ጥሩ ነው። ሰነድ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚነበብና እንደሚጠረጠር ግን በተግባር የሚያሳየን የለም። አሳይመንት ሲመጣ ከኢንተርኔት ይለቀማል፣ ዘንድሮ ደግሞ ቻትጂፒቲ ይጠየቃል፣ መጨረሻ ላይ ሪፈረንስ ይደረደራል፤ በቃ፣ ሪሰርች ተባለ።

እስቲ ሁላችንም ከሃይስኩል ጀምሮ የምናውቀውን የውጫሌን ውል እንውሰድ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የአንቀጽ 17 አማርኛ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ሲል፣ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰ። ይህን ፈተና ላይ ጽፈን ማርክ እናገኛለን። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ግን ከመካከላችን ስንት ነው?

«ሰነድም እኮ ይዋሻል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው! በደርግ ዘመን የታተመ ጋዜጣ በሳንሱር ያለፈ ነው። መማር የሚያስፈልገንም ለዚሁ ነው። ለምሳሌ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31/1967 ከነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ፣ አዲስ ዘመን ያኔ እንዴት እንደዘገበው ማየት፣ ከዚያ በዚያን ጊዜ ገበሬ የነበሩ አንድ አባት ፈልጎ መጠየቅ ይቻላል። ማን ጻፈው? ለማን? ምኑን ተወው? ሦስቱ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው ምርምር የሚጀምረው።

ሰነዱ ደግሞ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም.፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የታተሙ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክር አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የጎደለው እጃችንን ይዞ የሚያስገባን ነው።

ስለዚህ ዲፓርትመንታችንን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ ኮርስ ቢቀር በሴሚስተር አንድ አሳይመንት ይሰጠን፦ አንድ ሰነድ፣ በእጅ ተይዞ የተነበበ፣ ከሌላ ሰነድ ጋር የተመሳከረ። ማርኩም ለገጹ ብዛት ሳይሆን ሰነዱ እንዴት እንደተገኘና ምን እንደተጠየቀ ለሚያስረዳው ይሁን።

ነገሩ የማርክ ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ግን የትኛውን ደብዳቤ፣ የትኛውን ቃለ ጉባኤ እንደሚጠይቅ የማያውቅ ጋዜጠኛ መብቱ ምን ይሠራለታል? ነገ ባለሥልጣኑ «እንዲህ አላልኩም» ሲል ዝም ብለን መዝግበን እንወጣለን። የሚጎዳው ደግሞ እኛን አምኖ የሚያነበው ሕዝብ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ላይብረሪ እንገናኝ።